የአልጀብራ ጥያቄን ደረጃ በደረጃ ማሠራት፦ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ብሎ ማስተማር ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣ ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ ለቀሩ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት እሰጣለሁ። ላማክራችሁ የፈለግሁት ተማሪዎቼ አንድን እኩልታ ሰሌዳ ላይ ስሠራላቸው በሚገባ የሚከተሉኝ፣ እንዲያውም ቀጣዩን መስመር ከእኔ ቀድመው የሚናገሩ ሆነው ሳለ፣ ቁጥሩን ብቻ ለውጬ በደብተራቸው እንዲሠሩ ስሰጣቸው መንገዱ ለምን እንደሚጠፋባቸው ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ በኤክስ ፋንታ «ሀ»ን እጠቀማለሁ። 3ሀ + 5 = 20 የሚለውን ስሰጥ አንዳንዶቹ 3ሀ + 5 = 20 − 5 = 15 ÷ 3 = 5 ብለው ሁሉንም በአንድ መስመር ይደረድሩታል። መልሱ 5 መሆኑ ትክክል ነውና «ተሳስተሃል» ብል ልጁ ይገረማል። ሌሎቹ 3ሀ = 15 ላይ በደህና ከደረሱ በኋላ «3 ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ብለው ሀ = 15 − 3 = 12 ይላሉ። 10 − 2(ሀ − 4) = 6 የሚለውን ስሰጣቸው ደግሞ ከ10 ላይ 2 ቀንሰው 8(ሀ − 4) = 6 የሚጽፉ አሉ፤ ቅንፉን ከፈቱትም መካከል 10 − 2ሀ − 8 = 6 ብለው ሀ = −2 የሚያወጡት ብዙ ናቸው።

ለዚህ መላ ይሆነኛል ብዬ ደረጃዎቹን በቁጥር አስጽፌያቸዋለሁ፦ መጀመሪያ ቅንፍ መፍታት፣ ቀጥሎ ተመሳሳዮቹን መሰብሰብ፣ ከዚያ ማሻገር፣ በመጨረሻም ማካፈል። እነዚህን አራት ቃላት እንደ ዳዊት ይደግሙልኛል፤ ጥያቄው ትንሽ መልኩን ሲለውጥ ግን ከየትኛው እንደሚጀምሩ አያውቁም። በክፍሉ 60 የሚጠጉ ተማሪዎች ስላሉ እያንዳንዱ አጠገብ ተቀምጬ ማሠራት አልችልም። እናንተ ደረጃ በደረጃ ማሠራትን እንዴት ታካሂዱታላችሁ?

መልስ፦ ነባር መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መምህር፣ የጠቀሷቸው ስህተቶች ሦስት ቢመስሉም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ተማሪው የእኩል ምልክትን «ይህን ያህል ሆነ» የሚል የመልስ ማብሰሪያ አድርጎ ይዞታል። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ 4 + 3 = ተብሎ ባዶውን ቦታ ሲሞላ የኖረ ልጅ ምልክቱን ሌላ ነገር አድርጎ የሚያይበት አጋጣሚ አላገኘም። ስለዚህ 3ሀ + 5 = 20 − 5 = 15 ÷ 3 = 5 ብሎ ሲጽፍ ለእርሱ የአሠራሩን ቅደም ተከተል መዘገበ እንጂ 20 ከ5 ጋር እኩል ነው አላለም። እኔ በዚህ ጊዜ ስህተት ነህ ከማለት ይልቅ የጻፈውን መስመር የመጀመሪያና የመጨረሻ ጫፍ ብቻ አስቀርቼ መካከሉን በእጄ እሸፍንና 3ሀ + 5 = 5 የሚለውን እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ሀን ፈልግ ስለው ዜሮ ያወጣል፣ ያኔ ራሱ ይደነግጣል። ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1557 ያስተዋወቀው የዌልሱ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ሮበርት ሪኮርድ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ ይበልጥ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊገኙ አይችሉም በማለት እንደነበር ለተማሪዎች መንገርም አይከፋም፤ ምልክቱ ሰው አስቦ ያወጣው መሆኑን ሲሰሙ ትርጉሙን ለመጠየቅ ይደፍራሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ «ማሻገር» የምንለው ነው። በሒሳብ ውስጥ ከማዶ ወደ ማዶ የሚሻገር ቁጥር የለም። ያለው በሁለቱም ወገን ላይ እኩል የሚፈጸም ድርጊት ነው። በባለሁለት ሳህን ሚዛን ሽንኩርት የምትመዝን ሴት ከአንዱ ሳህን ግማሽ ኪሎ ብታነሳ ከሌላውም ያንኑ ያህል ካላነሳች ሚዛኗ እንደሚዘም ማንኛውም ገበያ የወጣ ልጅ ያውቃል። 3ሀ + 5 = 20 ላይ ከሁለቱም ወገን 5 እንቀንሳለን፤ 3ሀ = 15 ላይ ግን 3 ተደምሮ ሳይሆን ተባዝቶ ስላለ የምንፈጽመው ሁለቱንም ወገን ለ3 ማካፈል ነው። ልጁ «ምልክቱ ይቀየራል» የሚለውን ብቻ ይዞ ከሆነ የሚቀየረው መደመሩ ይሁን ማባዛቱ የሚለይበት ነገር በእጁ የለም፤ 15 − 3 ማለቱም ከሕጉ መውጣት ሳይሆን እኛ ያስተማርነውን ሕግ በታማኝነት መከተል ነው።

በተግባር የማደርገው ይህ ነው። ደብተሩ ላይ በቀኝ በኩል መስመር ያሰምራሉ፤ በግራ እኩልታውን፣ በቀኝ ደግሞ ለእያንዳንዱ መስመር ምክንያቱን በአማርኛ ይጽፋሉ። የእርስዎን ምሳሌ ብንወስድ እንዲህ ይሆናል፦

10 − 2(ሀ − 4) = 6 (የተሰጠው)
10 − 2ሀ + 8 = 6 (−2 በቅንፉ ውስጥ ካሉት ከሁለቱም ጋር ተባዛ)
18 − 2ሀ = 6 (10 እና 8 ተደመሩ)
−2ሀ = −12 (ከሁለቱም ወገን 18 ተቀነሰ)
ሀ = 6 (ሁለቱም ወገን ለ−2 ተካፈለ)

ምክንያቱን መጻፍ ያልቻለበት መስመር ያልገባው መስመር ነው። 60 ደብተር ማረም አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚህ አሠራር የቀኙን ዓምድ ብቻ በዓይን እያለፉ መመልከት ስለሚበቃ ሥራው ከሚያስቡት ይቀልላል።

መልስ፦ የመሰናዶ ሒሳብ መምህር፣ ከእነዋሪ

ከላይ ያሉት መምህር ያሉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ በሁለት ነጥብ ግን አልስማማም።

አንደኛ፣ «ማሻገር»ን ፈጽሞ ማስወገድ አለብን የሚለው ለ12ኛ ክፍል ተማሪ አይሠራም። ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ የሚመለስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ያለው ጊዜም አጭር ነው። ከሁለቱም ወገን እቀንሳለሁ እያለ ሁለት ሁለት መስመር የሚጽፍ ተማሪ ፈተናውን አይጨርስም። ማሻገር ስህተት አይደለም፤ ያለ ምክንያቱ ቀድሞ መሰጠቱ ነው የሚጎዳው። ተማሪው ከሁለቱም ወገን መቀነስን አዘውትሮ ከሠራ በኋላ ያንን መስመር ራሱ በልቡ መዝለል ይጀምራል፤ ያኔ አቋራጩን የፈጠረው እርሱ ነውና አይምታታበትም። ስለዚህ ለ9ኛ ክፍል ረጅሙን፣ ከዚያ በላይ ላሉት አጭሩን እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑ ጥሩ ምሳሌ ቢሆንም ሩቅ አያስኬድም። ባለፈው መልስ ላይ ያለውን −2ሀ = −12 በየትኛው ሳህን ላይ እናስቀምጠው? ከዜሮ በታች የሆነ ሽንኩርት የለም። ሚዛኑን የተላመዱ ተማሪዎች ነጌቲቭ ሲመጣባቸው ምስሉ ስለሚከዳቸው ተመልሰው ወደ ሽምደዳ ይገባሉ። እኔ እዚህ ላይ የማስተምረው ነጌቲቩ ከመምጣቱ በፊት እንዲያመልጡት ነው። 18 − 2ሀ = 6 ላይ በሁለቱም ወገን 2ሀ ቢደምሩ 18 = 6 + 2ሀ ይሆናል፤ ከዚያ 6 ቢቀንሱ 12 = 2ሀ፣ ሀም 6። ያልታወቀው ቁጥር በቀኝ በኩል መቅረቱ ግን ብዙ ተማሪዎችን ያስጨንቃል፤ «ሀ በግራ መሆን አለበት» ብሎ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ 12 = 2ሀ እና 2ሀ = 12 አንድ መሆናቸውን ማመን አለመቻላቸው ራሱ የእኩል ምልክቱ እንዳልገባቸው ያሳያል።

መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምሰጠው ትኩረት ለማረጋገጫው ነው። ሀ = −2 ያለው ተማሪ መልሱን መጀመሪያው እኩልታ ውስጥ ቢተካው 10 − 2(−6) ማለትም 22 ያገኛል፤ 22 ደግሞ 6 አይደለም። ይህን ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። በእኔ ክፍል ያልተረጋገጠ መልስ ትክክል ቢሆንም ሙሉ ማርክ አያገኝም። በመጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ቆይቶ ግን ሥራቸውን ይዘው «ትክክል ነው ወይ?» እያሉ ወደ መምህሩ መሰለፋቸውን ይተዋሉ። 60 ተማሪ ላለበት ክፍል ከዚህ የሚሻል ረዳት አይገኝም። ማረጋገጡ የሚደረገው በመካከል ባለው መስመር ሳይሆን በመጀመሪያው ላይ መሆን አለበት፤ ስህተቱ ቅንፍ ሲፈታ ከተፈጠረ ከዚያ በታች ባሉት መስመሮች ላይ መተካት ስህተቱን አያጋልጥምና።

መልስ፦ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ

መምህራኖቼ፣ በመካከል መግባቴን ይቅር በሉኝ። ክረምት ክረምት ደብረ ሲና ቤተሰቦቼ ዘንድ ስመለስ የሠፈር ልጆችን አስጠናለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ከተማርነውም ለመምህር ጥያቄ የሚቀርብ ነገር ስላለ ላካፍል።

«ስሠራላቸው ይከተሉኛል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ይጠፋባቸዋል» የሚለው ችግር በሰፊው የተጠና ነው። ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር የተባሉ በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት በአልጀብራ ላይ ተሠርተው ያለቁ ምሳሌዎችን ያጠኑ ተማሪዎች ጥያቄዎችን በራሳቸው ሲታገሉ ከቆዩት ይልቅ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአጭር ጊዜና በጥቂት ስህተት እንደሠሩ አሳይተዋል። ነገር ግን ይህ ብልጫ የታየው ቅርጻቸው ከምሳሌዎቹ ጋር አንድ በሆኑ ጥያቄዎች ላይ ብቻ ነበር። መምህር «መልኩን ሲለውጥ» ያሉት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ ምሳሌ ማሳየቱ ጠቃሚ ነው፣ ብቻውን ግን ሌላ ቅርጽ ወዳለው ጥያቄ አያደርስም።

ስለዚህ በምሳሌውና በብቸኛው ሥራ መካከል ድልድይ ያስፈልጋል። እኔ የማደርገው የመጀመሪያውን ጥያቄ እስከ ማረጋገጫው ሙሉ በሙሉ ሠርቼ ማሳየት ነው፤ ሁለተኛውን ሁሉንም ሠርቼ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ለእነርሱ እተዋለሁ፤ በሦስተኛው ሁለት መስመር እተዋለሁ፤ እንዲህ እያለ እኔ የምጽፈው መጀመሪያውን መስመር ብቻ እስኪሆን ይቀጥላል። ከታች ወደ ላይ መተዉ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም 2ሀ = 12 የሚለውን መጨረስ ከባዱን ቅንፍ ከመፍታት ስለሚቀልል ደካማው ተማሪም ከመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ «ጨርሻለሁ» ይላል። በሌላ በኩል ጎበዞቹ ይህ ሁሉ ደረጃ ይሰለቻቸዋል፤ ለእነርሱ ቶሎ መልቀቅ ይገባል። የሚያውቁትን ነገር መስመር በመስመር እንዲከተሉ ማስገደድ ሥራቸውን ያዘገየዋል እንጂ አይረዳቸውም።

ሌላው፣ የተሳሳተ ሥራ ሰጥቶ ስህተቱ ያለበትን መስመር ማስፈለግ ነው። ለአንድ ለአምስት ቡድኖች ይህን እሰጣለሁ፦

ሀ/3 + 2 = (ሀ − 1)/2
2ሀ + 2 = 3(ሀ − 1)
2ሀ + 2 = 3ሀ − 3
ሀ = 5

ሀ 5 ሲሆን ግራው 11/3፣ ቀኙ 2 ስለሚሆን ስህተት እንዳለ ያውቃሉ፤ የት እንዳለ ግን መፈለግ አለባቸው። ሁለቱንም ወገን በ6 ሲያባዛ መካከል ያለውን 2 ረስቶታል፤ 12 መሆን ነበረበት፣ መልሱም 15 ነው። የሚገርመው ራሳቸው ሲሠሩ ይህንኑ ስህተት የሚፈጽሙ ልጆች በሌላ ሰው ሥራ ላይ ሲሆን በፍጥነት ያዩታል። አንድ ለአምስት ሲባል ብዙ ጊዜ አንዱ ሠርቶ አራቱ የሚገለብጡበት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ስህተት ፍለጋ ላይ ግን የሚገለበጥ መልስ ስለሌለ ክርክር ይነሳል።

በስልክ ጥያቄውን ፎቶ አንስተው ከነደረጃዎቹ መልስ የሚያወጡ መተግበሪያዎችም አሁን ልጆቹ እጅ ገብተዋል። መከልከል የሚቻል አይመስለኝም። እኔ የምጠይቀው ስልኩ የጻፈው እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ፣ ማለትም ነባሩ መምህር ያሉትን የቀኙን ዓምድ ነው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀኙን ዓምድና ከታች ወደ ላይ መተዉን ከሰኞ ጀምሮ አብሬ እሞክራለሁ፤ ማረጋገጫውንም በማርክ አስገዳጅ አደርገዋለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛው በቃላት የሚቀርቡ ጥያቄዎች ናቸው። ልጆቹ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖባቸው ስለሚቸገሩ ጥያቄውን ሳያነቡ ቁጥሮቹን ብቻ ለቅመው ይደምራሉ፣ ያባዛሉ። ሁለተኛው፣ ወደ ባለሁለተኛ ደረጃ እኩልታ ስንሻገር (ይቅርታ፣ ስናልፍ) (ሀ − 2)(ሀ − 3) = 6 ብዬ ብሰጣቸው ሀ − 2 = 6 ወይም ሀ − 3 = 6 ብለው 8 እና 9 ይሉኛል። ይህንስ እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ ነባር መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

በቃላት የሚቀርበውን በተመለከተ፣ ቁጥር ከመንካታቸው በፊት የሚፈለገው ነገር ምን እንደሆነ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ያድርጉ፤ ቀጥሎም «ሀ» የምን መጠሪያ እንደሆነ ከነመለኪያው ይጻፉ። «ሀ መኪና ነው» የሚል ብዙ ነው። ሀ መኪና አይደለም፤ መኪናው የተጓዘበት ሰዓት ብዛት ነው። ጆርጅ ፖሊያ የተባለው ሀንጋሪ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1945 ጥያቄን መፍታት አራት ምዕራፍ አለው ሲል ያስቀደመው ጥያቄውን መረዳትን፣ በመጨረሻ ያስቀመጠው ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየትን ነው፤ እኛ የምናስተምረው ግን ብዙውን ጊዜ መካከለኛዎቹን፣ ይልቁንም ስሌቱን ብቻ ነው።

ልጆቹ የሚያውቁት መንገድ ላይ ያለ ጥያቄ ልጥቀስ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ የጭነት መኪና ከደብረ ብርሃን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ አንድ አውቶቡስ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ በአንድ ጊዜ ተነሱ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ይገናኛሉ? ሀ ሁለቱም የተጓዙበት ሰዓት ከሆነ የጭነቱ መንገድ 40ሀ፣ የአውቶቡሱ 60ሀ ነው፤ ሲገናኙ ሁለቱ ተደምረው መንገዱን ስለሚሞሉ 40ሀ + 60ሀ = 130፣ ሀም 1.3 ነው። አልጀብራው እዚህ ያበቃል፤ ጥያቄው ግን አላበቃም። ከክፍሉ ውስጥ ግማሹ «1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ»፣ አንዳንዱም «1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ» ይላል። 0.3 ሰዓት 18 ደቂቃ ስለሆነ መልሱ 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። ማረጋገጫውም እዚህ ከመተካት ያልፋል፤ ጭነቱ 52፣ አውቶቡሱ 78 ኪሎ ሜትር ሄደዋል፣ ሲደመር 130። አውቶቡሱ የበለጠ መሄዱ ከፍጥነቱ ጋር ይስማማል ወይ ብለው ይጠይቋቸው። እንግሊዝኛውን በተመለከተ ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ ተነጋግረው እንዲስማሙ፣ እኩልታውን ከጻፉ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ተመልሰው እንዲያመሳክሩ እፈቅዳለሁ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና ሁለተኛውን ክፍል መተው አይቻልም።

የ(ሀ − 2)(ሀ − 3) = 6 ነገር ደግሞ ያው የሽምደዳ ልጅ ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ዜሮ ከሆነ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ዜሮ መሆን አለበት፤ ይህ የዜሮ ብቻ ጠባይ ነው። ብዜታቸው 6 የሆኑ ቁጥሮችን እንዲዘረዝሩ ብቻ ይጠይቋቸው። 1 እና 6፣ 2 እና 3፣ −2 እና −3፣ ግማሽ እና 12 ይላሉ፤ ማለቂያ የለውም። አንዱ የግድ 6 መሆን እንደሌለበት ከራሳቸው ዝርዝር ያዩታል። 8ንም ይተኩት፤ 6 × 5 = 30 እንጂ 6 አይሆንም። ከዚያ ትክክለኛው መንገድ ይመጣል፤ ቅንፎቹን አባዝቶ ሀ² − 5ሀ + 6 = 6፣ ከሁለቱም ወገን 6 ቀንሶ ሀ² − 5ሀ = 0፣ ሀን አውጥቶ ሀ(ሀ − 5) = 0። አሁን ቀኙ ዜሮ ስለሆነ ሀ = 0 ወይም ሀ = 5 ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ ይጠብቅዎታል። ሀ² = 5ሀ የሚለውን ያየ ፈጣን ተማሪ ሁለቱንም ወገን ለሀ አካፍሎ ሀ = 5 ብቻ ይላል። በሁለቱም ወገን ላይ እኩል ድርጊት ፈጽሟልና ያስተማርነውን አልጣሰም፤ ነገር ግን ሀ ዜሮ ሊሆን በሚችልበት ቦታ ለሀ ማካፈል አይፈቀድም፣ ዜሮውም በዚያች መስመር ላይ ጠፍቷል። የቀኙ ዓምድ ላይ «ለሀ ተካፈለ» ብሎ ሲጽፍ «ሀ ዜሮ ካልሆነ» የሚለውን እንዲጨምርበት ያስለምዱት። ማረጋገጫው ይህን ስህተት አይዝም፤ 5 በትክክል ይሠራልና። ስለዚህ (ሀ − 2)(ሀ − 3) = 6ን ከመስጠትዎ በፊት ቀኛቸው ዜሮ የሆኑትን በደንብ ቢያሠሯቸው፣ ከዚያም ሀ² = 5ሀን በሰሌዳ ላይ በሁለቱም መንገድ ሠርተው ዜሮው የቀረበትን መስመር እነርሱ ራሳቸው እንዲያገኙት ቢያደርጉ ይሻላል።